የጎንደር ዜማ ቤትና የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ

፩. መነሻ

ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በውጭ አገር ቋንቋዎች ከሚጻፈው ውስጥ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጃዝ ተጫዋቾች ስም ጋራ ተያይዞ ነው። የብሪታንያ የራዲዮ ድርጅት (ቢ.ቢ.ሲ.) በ2017 ስለ እርሳቸው ያሰማው ዝግጅት በአርእስቱ «የሆንኪ ቶንክ መነኵሲት» ይላቸዋል፤ ሆንኪ ቶንክ የሚባለውም በአሜሪካ መጠጥ ቤቶች ይሰማ የነበረ የፒያኖ አመታት ነው። እንዲህ ያለው ስም በንቀት የተሰጠ አይደለም። ሰሚው ከዚህ በፊት ያልሰማውን ድምፅ ከሚያውቀው ድምፅ ጋራ ለማዛመድ የሚያደርገው ጥረት ነው። ነገር ግን አንድ ሥራ በሩቅ ዘመድ ስም ሲጠራ የቅርብ ዘመዱ ይረሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የቅርብ ዘመድ ማሳየት ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም በአውሮፓ ሥርዓት ቫዮሊንና ፒያኖ ከተማሩና ከመነኰሱ በኋላ፥ በ1960ዎቹ ወደ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተምረዋል። ይህ የጎንደር ትምህርት በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ ነገር ሆኖ ይገኛል። እኛ ግን ሁለት ነገሮች ከዚያ የመጡ ይመስለናል፤ አንደኛው በፒያኗቸው ውስጥ የሚሰማው የጊዜ አያያዝና የድምፅ አጌጣጥ ሲሆን፥ ሁለተኛው ሙዚቃቸው ለማን ጥቅም እንዲውል የወሰኑት ውሳኔ ነው። ሁለቱንም ለመረዳት በመጀመሪያ የሕይወታቸውን ጕዞ፥ ቀጥሎም የዜማ ቤቱን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፪. ከአዲስ አበባ እስከ ግሸን

እማሆይ ጽጌ ማርያም ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም.፥ ማለት ዲሴምበር 12 ቀን 1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በዓለም ሳሉ ስማቸው የውብዳር ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ካሳዬ የለምቱ፥ አባታቸውም ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ከንቲባ ገብሩ በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሲሆኑ፥ አፄ ምኒልክን ያገለገሉና የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። «ከንቲባ» የሚለው ማዕረግ ራሱ ከጎንደር ከተማ አስተዳደር ጋራ የቈየ ግንኙነት አለው። ስለዚህ ልጃቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ለትምህርት ወደ ጎንደር ሲሄዱ፥ የሄዱት ስሟ በቤታቸው ሲነሣ ወደ ኖረ ከተማ ነበር።

ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጋራ ወደ ስዊስ አገር ተላኩ። ወይዘሮ ስንዱ ቆይተው ደራሲና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መሪ የሆኑት፥ በ1957ም በኢትዮጵያ ለምክር ቤት የተመረጡት የመጀመሪያዪቱ ሴት ናቸው። ታናሺቱ በዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ቫዮሊንና ፒያኖ ጀመሩ፤ በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙ ሳይቈይ የኢጣልያ ጦር ገባ። በ1937 ቤተ ሰቡ ተግዞ በመጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፥ ከዚያም በኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው ወደ መርኮልያኖ ተወሰደ።

ከግዞት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል፥ ከዚያም የሚበልጠውን በቫዮሊን፥ የቀረውን በፒያኖ ይለማመዱ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ኮንቶሮቪችም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ መሪ ሆኑ። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ፤ ይህች ወጣት በዚያ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ ሊያገኘው ከሚችለው የአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ከፍተኛውን ያገኘች ነበረች። የፒያኖ ሥራቸው ከትምህርት ውጭ በተፈጥሮ ስጦታ ብቻ የበቀለ አድርገው የሚያቀርቡ ጸሐፊዎች ይህን ይዘነጋሉ።

ቀጥሎም በለንደን የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ተከፍቶላቸው ሳለ ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ። በዚህ ኀዘን ምግብ እስከ መተው ደርሰው ታመሙ፤ ከሕመማቸው ሲነሡ አሳባቸው ወደ ምንኵስና ዞሮ ነበር። በ19 ዓመታቸው ከቤታቸው ተሰውረው በወሎ ወደምትገኘው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ በ21 ዓመታቸውም መነኰሱ። በአምባው ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። በግሸን ፒያኖ አልነበረም። ሆኖም እጅ ሥራ ቢፈታም ጆሮ ሥራ አልፈታም፤ የገዳም ቀንና ሌሊት በሰዓታትና በቅዳሴ የተከፈለ ነውና፥ በኖታ የሠለጠነ ጆሮ ለአሥር ዓመት ኖታ የሌለውን ዜማ ሲሰማ ኖረ። ከዚያ ወርደው ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱና ወደ ፒያኖው ሲቀርቡ፥ የሰሙትን ከምንጩ መማር አስፈለጋቸው። ወደ ጎንደር የወሰዳቸውም ይህ ነው።

፫. የዜማ ቤቱ አሠራር

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት፥ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፥ በአክሱም ዜማን ደረሰ፤ በዕድሜው መጨረሻም አክሱምን ትቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በዚያ ሲያስተምር ዐረፈ። ስለዚህ የሰሜን ደጋ ለዜማ ተማሪ ተራ ተራራ አይደለም፤ የመጀመሪያው መምህር ያረፈበት አገር ነው። በ1636 ገደማ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ደግሞ ነገሥታቱ አብያተ ክርስቲያናት በማሠራትና ሊቃውንትን በመሰብሰብ ከተማዪቱን የትምህርት መዲና አደረጓት። በ1866 አፄ ቴዎድሮስ፥ በ1888 ደርቡሾች ካቃጠሏት በኋላ እንኳ ትምህርቱ አልጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግንብ ሲቃጠል ይወድቃል፥ በመምህሩ ቃል ውስጥ ያለው ትምህርት ግን መምህሩ ከተረፈ ይተርፋል።

የዜማ ትምህርት በአንድ ቦታ ተጀምሮ በአንድ ቦታ የሚያልቅ አይደለም። ፊደልና ዳዊት የጨረሰ ልጅ ጾመ ድጓና ድጓ፥ ዝማሬና መዋሥዕት፥ ቅዳሴ፥ አቋቋም እያለ ይቀጥላል፤ ለየክፍሉም የታወቀ የምስክር ቤት አለ። ለድጓ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር በዓታ ይኬዳል። ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዛል። ከልጅነት ተጀምሮ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ጕዞ ነው።

የሚማረው ዜማ በሦስት ይከፈላል፤ ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ። ሊቃውንቱ ሦስቱን በምሥጢረ ሥላሴ እየመሰሉ ያስተምራሉ፤ ግእዝን ለአብ፥ ዕዝልን ለወልድ፥ አራራይን ለመንፈስ ቅዱስ ይሰጣሉ። ሦስቱ በጠባያቸውም ይለያያሉ፤ ጆሮው ያልለመደ ሰው እንኳ ጠንካራውን የግእዝ ዜማ ከሚያራራው ከአራራይ ለመለየት ብዙ አይቸገርም።

ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚጠቅመን ግን የምልክቱ ነገር ነው። ምልክቱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ይዘት፥ ደረት፥ ቅናት፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ ሲሆኑ፥ ድምፁ የሚያዝበትን፥ የሚወርድበትን፥ የሚነሣበትን፥ የሚርገበገብበትንና የሚቈረጥበትን ያመለክታሉ። ሁለተኛው ወገን ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ነው። ይህን ሥርዓት ያደራጁት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ ይነገራል። እያንዳንዱ የፊደል ምልክት ዜማው አስቀድሞ ከተጠና ከአንድ የታወቀ ቃል የተቈረጠ ነው። ለአንባቢው የሚነግረውም «ይህን ቃል እንደዚያ ቃል አዚም» ብሎ ነው።

ይህ ከአውሮፓ ኖታ በመሠረቱ ይለያል። ኖታ የድምፁን ከፍታና የጊዜውን ርዝመት ይጽፋል፤ ኖታ የሚያነብ ሰው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ሥራ ከወረቀት ላይ ሊጫወተው ይችላል። የዜማው ምልክት ግን የተማረውን ያስታውሰዋል እንጂ ያልተማረውን አያስተምረውም። መጽሐፉ በእጅ እያለ መምህሩ ከሌለ ዜማው የለም። ስለዚህ በዜማ ቤት ውስጥ መምህሩና ተማሪው የትምህርቱ መሣሪያ ሳይሆኑ ትምህርቱ ራሱ ናቸው። አንድ ተማሪ ተርቦ ትምህርቱን ቢተው፥ ከዜማው አንድ ቅጂ እንደ ተቀደደ ይቈጠራል።

ጊዜውም እንዲሁ በልዩ አኳኋን ይያዛል። በቅኔ ማኅሌት የሚቆም ሰው እንደሚያውቀው፥ አንድ ቃል በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከዚያ በመቋሚያ በዝማሜ፥ ከዚያም በከበሮና በጸናጽል በመረግድና በጽፋት ይደገማል፤ በወረብም ይደምቃል። ዝግ ያለው እየፈጠነ ይሄዳል። በቁም ዜማው ጊዜ የሚለካው በትንፋሽና በቃሉ ርዝመት ነው፤ የሰዓት ምት የለውም። አንድ ፊደል ላይ ድምፁ ብዙ ሊዞር፥ የሚቀጥሉት ቃላት ደግሞ ባንድ ትንፋሽ ሊያልፉ ይችላሉ። በካይሮ በሜትሮኖም የሠለጠኑት እማሆይ ጽጌ ማርያም በጎንደር ያገኙት የጊዜ ትምህርት ይህ ነበር።

፬. በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ

ዜማ ቤት በልማድ የወንዶች ቤት ነው። በጎጃም የቅኔ መምህርት የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው፥ ሴት በዚህ ትምህርት እስከ ላይ መድረሷ ብርቅ ስለ ነበረም ነው። በአውሮፓ የተማሩ መነኵሲት ያሬዳዊ ዜማ ለመማር ወደ ጎንደር መምጣታቸው ስለዚህ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ራሳቸው ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ አጥብቀው የሚያነሡት የራሳቸውን ትምህርት ሳይሆን የሌሎችን ተማሪዎች ኑሮ ነው።

እንደ ተረኩት፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በደጃፉ ውጭ መሬት ላይ የተኙ ወጣቶችን ያዩ ነበር። ማን እንደ ሆኑ ሲጠይቁ የማኅሌት ተማሪዎች መሆናቸውን፥ ማደሪያ እንደሌላቸውና ምግባቸውንም ለምነው እንደሚያገኙ ሰሙ። ያንን ጥንታዊ ዜማ ለመማር ወጣቶቹ የሚከፍሉት ዋጋ ልባቸውን ነካው። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ።

ይህን ለሚያነብ የውጭ አገር ሰው ነገሩ የድኽነት ታሪክ ብቻ ይመስለዋል። የእኛ አንባቢ ግን የቆሎ ተማሪን ያውቀዋል። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነው ተማሪ በደጋው አገር የኖረ ሥርዓት ነው። ልመናው የትምህርቱ ክፍል ሆኖ ይቈጠራል፤ የባለጸጋ ልጅ እንኳ ከቤቱ ርቆ ሄዶ ይለምናል እንጂ ስንቅ እያስመጣ አይማርም ይባላል። ትሕትናን ያስተምረዋል፤ ቍራሽ የሰጠችውንም ባልቴት የዜማው ባለድርሻ ያደርጋታል። ባላገሩ ድጓ ባይማርም ድጓ የሚማረውን ልጅ ይመግባል። መምህሩ «የኔታ» ደግሞ ደሞዝ ሳይቈርጡ ያስተምራሉ። በዚህ ዓይነት አንድ ሰፊ አገር ያለ መንግሥት በጀት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን ለዘመናት አቆመ።

ሥርዓቱ ግን ውብ ቢሆንም ዋጋ አለው። አዝመራ ሲከፋ ከሁሉ በፊት የሚራበው ተማሪው ነው። የደጋው ብርድ፥ የውሻው ንክሻ፥ በጠባብ ጎጆ ተጨናንቆ ማደርና እርሱ የሚያመጣው በሽታ ብዙዎችን ከመንገድ አስቀርቷል። በ1960ዎቹ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት፤ ጎንደር ዘመናዊ ትምህርት የተስፋፋባት፥ ከ1954 ጀምሮም የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ያላት ከተማ ነበረች። በአንድ ከተማ ውስጥ ለአንዱ ተማሪ አዳሪ ቤትና ሥራ ሲዘጋጅለት፥ ለሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማደሪያው ሆነ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ያዩት ጥንታዊውን ድኽነት ብቻ አልነበረም፤ አዲሱን ልዩነትም ነበር። በስዊስ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ሙዚቃ የጀመረ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ ያስተውላል።

ውሳኔያቸውም ፍሬ አፈራ። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ርዳታ በዚያው በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ድርሰቶቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የመጀመሪያው ሸክላ የጀርመንኛ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የራሷን ድርሰቶች ትጫወታለች» ማለት ነው። ከሸክላዎቹ የሚገኘውን ገቢ ለድኾችና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ርዳታ አዋሉት። መምህርነታቸውን ስንመዝን ከዚህ መጀመር አለብን። የኔታ ድምፁን ለተማሪው ያስተላልፋሉ፤ ባላገሩ ቍራሹን ይሰጣል፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ደግሞ ሸክላውን አኮፋዳ አደረጉት።

፭. ጃዝ ነውን?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ከአሜሪካ ጥቍሮች ኑሮ የተወለደ ሲሆን፥ ዋና ዋና ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፥ የማይቋረጥ ምት አለው፤ ተጫዋቹ ከምቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እየተወዛወዘ ይሄዳል እንጂ ምቱ አይቆምም። ሁለተኛ፥ ተጫዋቹ በታወቀ የኅብረ ድምፅ ሰንሰለት ላይ ወዲያው እየፈጠረ ይጫወታል። ሦስተኛ፥ ከብሉዝ የወረሰው የተለሳለሰ ወይም የታጠፈ ድምፅ አለው።

የኢትዮጵያ ጃዝ መሥራች ተብለው የሚታወቁት ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። በ1943 በጅማ ተወልደው በብሪታንያና በቦስተን በሚገኘው በበርክሊ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ በ1966ም በኒው ዮርክ ሁለት ሸክላዎች አውጥተዋል። መንገዳቸው ግልጽ ነው፤ እንደ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ያሉትን አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ወስደው ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች በተሠራ ኅብረ ድምፅና በላቲን አሜሪካ ምት ላይ አስቀመጧቸው። ቅኝቱ የኛ፥ ቤቱ የጃዝ ነው።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም መንገድ ሌላ ነው። ከበሮም ባስም የለም፤ ፒያኖው ብቻውን ነው። የግራ እጁ አንዳንድ ጊዜ እንደ ቪየና ዋልስ በሦስት ይረግጣል፥ አንዳንድ ጊዜም እንደ ሾፐን ድምፆቹን እየበተነ ይደረድራል። ይህ ከስዊስና ከካይሮ የመጣ ነው። የቀኝ እጁ ዜማ ግን አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ይሄዳል፤ ዋናው ድምፅ ከመድረሱ በፊት ትንንሽ ድምፆች ተሽቀዳድመው ይገባሉ፥ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ዜማው ይዘገያል፥ ግራ እጁም ቆሞ ይጠብቀዋል። ምቱ የሚያቆመው እንዲህ ነው፤ የሰው ትንፋሽ ሲያልቅ እንደሚቆም። የውጭ አገር ሰሚ ይህን እንደ ብሉዝ መለሳለስ ይሰማዋል። የዜማ ቤት ልጅ ግን ርክርክንና ሂደትን ያስታውሳል። ፒያኖ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ማሰማት አይችልም፤ የተስተካከለ ድምፅ ያለው መሣሪያ ነውና። የሰው ጕሮሮ በተንሸራተተበት ቦታ ጣት መሮጥ አለበት። እነዚያ ተሽቀዳዳሚ ትንንሽ ድምፆች ጕሮሮ የሚያደርገውን በጣት ለማድረግ የተገኘ ብልኀት ናቸው ብለን እናምናለን።

ስለ ፈጠራውም ልዩነት አለ። የጃዝ ተጫዋች አንድን ዜማ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ባይጫወት ይመሰገናል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ሥራዎች የተደረሱ ናቸው፤ ርእስ አላቸው፥ በኖታም ተጽፈዋል። በዜማ ቤትም ድጓው የጸና ነው፤ ተማሪው እንዲለውጠው አይፈቀድለትም። አዲስ ነገር የሚፈለገው በቅኔ ብቻ ነው፤ በዚያም ቢሆን አዲሱ ቃሉ ነው እንጂ ዜማው የቈየው ነው። ስለዚህ በሁለቱም ትምህርት ቤቶቻቸው፥ በካይሮም በጎንደርም፥ የተማሩት አስቦ ማጽናትን እንጂ በጊዜው ስሜት መፍጠርን አልነበረም።

ይህን ስንል ፒያኗቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው ማለታችን አይደለም። በሥርዓተ ማኅሌት ከበሮ፥ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ ፒያኖ ቦታ የለውም። የሚጠቀሙበት ቅኝትም በጎንደር አቅራቢያ በቡርቧክስ መንደር ያሉ አዝማሪዎች በመሰንቋቸው ከሚያውቁት ዓለማዊ ቅኝት ጋራ ይዛመዳል። እንዲሁም «ቤት አልባው ተንከራታች» ተብሎ የሚተረጐመውን የታወቀውን ሥራቸውን በርእሱ ብቻ ይዞ፥ በደጃፍ ስለሚያድሩት ተማሪዎች የተደረሰ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ርእስ ወደ አሳብ ይመራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። እኛ የምንለው ከዚህ ያነሰ፥ ነገር ግን የጸና ነው፤ የቅኝቱ ወላጅ ዓለማዊው ዘፈን፥ የኅብረ ድምፁ ወላጅ አውሮፓ ሲሆኑ፥ ጊዜውን የሚይዘውና ድምፁን የሚያስጌጠው ጆሮ በገዳምና በዜማ ቤት የሠለጠነ ነው።

፮. ከአብዮቱ እስከ ዕረፍታቸው

ከ1974 አብዮት በኋላ፥ በ1975 በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ የዜማ ቤቶቹ መምህራን መተዳደሪያም አብሮ ተናጋ። እማሆይ ጽጌ ማርያም በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ቆይተው ነበር። ከ1977 እስከ 1985 በካሴት ያስቀሯቸው፥ በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ የዘመሯቸው መዝሙራት ከዕረፍታቸው በኋላ በ2024 ታትመው ወጥተዋል። እናታቸው ካረፉ በኋላ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ። በዚያች ጠባብ ክፍላቸውም ፒያኖ ነበራቸው።

ስማቸው ወደ ዓለም የወጣው ዘግይቶ ነው። በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ እትም 21ኛውን ክፍል ለእርሳቸው ፒያኖ መደበ። ተከታታዩ በአብዛኛው የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች የሚያሰማ ስለ ነበረ፥ ሰሚው ከሙላቱ አስታጥቄ አጠገብ አገኛቸው፤ «ጃዝ» የሚለው ስምም ከዚህ ጉርብትና ብርታት አገኘ። በ2008 በዋሺንግተን ከተማ ለርዳታ በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ ተጫወቱ፤ በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ድርጅትም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ ነው። በ2013፥ 90ኛ ዓመታቸውን ሲይዙ፥ የድርሰቶቻቸው ኖታ በኢየሩሳሌም በመጽሐፍ ታተመ። በ2020ና በ2021 በወጡ የአሜሪካ ፊልሞችም ሙዚቃቸው ተሰምቷል። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ ማለት ማርች 26 ቀን 2023፥ በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

የኖታው መጽሐፍ መታተም ከሸክላዎቹ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ሸክላ ያሰማል፤ ኖታ ግን ሌላው እጅ እንዲጫወት ያደርጋል። ይሁን እንጂ ከላይ ስለ ምልክት የተባለው እዚህም ይሠራል። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ትንንሽ ድምፅ ስንት እንደ ሆነ ይነግራል፤ እንዴት እንደሚተነፈስ ግን አይነግርም። ይህን ለማወቅ የእርሳቸውን ቀረጻ መስማት፥ ከዚያም አልፎ እርሳቸው የሰሙትን መስማት ያስፈልጋል።

፯. የሚጠብቀን ሥራ

በአዲስ አበባ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። በ1960ዎቹ በአሸናፊ ከበደ መሪነት ሥራውን የጀመረ ሲሆን፥ ፒያኖና ኖታ ያስተምራል። በጎንደርና በአካባቢዋ ደግሞ ያሬድ ደረሰው የተባለውን ዜማ የሚያስተምሩ የኔታዎች አሉ። አንደኛው የያሬድን ስም፥ ሁለተኛው የያሬድን ቃል ይዟል። ከአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር የወጣ ሰው ግን ጥቂት ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ ስለ ሆኑ፥ ሕይወታቸው ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ዐዋቂም ምሳሌ ይሆናል።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን ሦስት ሥራ እናመለክታለን። የመጀመሪያው፥ የእማሆይን ቀረጻዎች ከመሪጌታ ጋራ ተቀምጦ መስማትና እዚህ በጥቅሉ ያቀረብነውን የአጌጣጥና የጊዜ አያያዝ ንጽጽር በድምፅ በድምፁ መመርመር ነው፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ብቻውን፥ መሪጌታውም ብቻውን ይህን ሊያደርገው አይችልም። ሁለተኛው፥ በየምስክር ቤቱ ያሉትን አረጋውያን መምህራን ድምፅ በጊዜው መቅረጽ ነው፤ ምልክቱ ያለ መምህር እንደማይነበብ ተመልክተናልና። ሦስተኛው የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ሥራ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ዛሬ ምን ይበላል፥ የት ያድራል፥ የመገበው ባላገርስ አቅሙ እንዴት ነው የሚለውን በየአጥቢያው ማጥናት።

ከሦስቱ በመጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው ሦስተኛው ይመስለናል። ስለ ዜማው ርቀትና ጥልቀት የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለሚያዜመው ልጅ እራት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ያሬዳዊ ዜማ ሊማሩ ጎንደር ሄደው፥ ከዜማው ጋራ የተማሪውን ረኃብ አይተው ተመለሱ፤ ሁለቱንም እንደ አንድ ነገር ቈጠሯቸው። የጥናታችንም ሥርዓት ከዚህ ቢማር መልካም ነው።